የተሟሸችው ማሰሮ

ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ ጥሎት የሄደውን ቃል ሰው ሁሉ ያለ ሐሳብ ይጠቀምበታል። ማኪናውም ቦርሳውም ዛሬ የአገር ልጅ ሆኗል። እኔ ግን ከዚያ ዘመን የቀረ፣ ከአፌ የማላወጣው አንድ ቃል አለኝ። የልጅ ልጆቼ አያታችን ጣሊያንኛ ታውቃለች እያሉ ሲጎተጉቱኝ አላውቅም ብዬ አባርራቸዋለሁ። ዛሬ ላወጣው ነው የተቀመጥሁት። ከሰማችሁ በኋላ የምትሉትን በሉ።

ያኔ የወተት ጥርሴ ገና የሚነቃነቅ ልጅ ነበርሁ። አባቴ ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። እናቴ ማስተዋል እኔን አስከትላ አራዳ አጠገብ አንድ ጣሊያን ቤት በገረድነት ገባች። ሰውየው ኔሪ ይባላል፤ የደባርቅን መንገድ ከሚሠሩት መሐንዲሶች አንዱ ነበር። እኛ የምንተኛው ከግቢው ጀርባ፣ ቀድሞ ማገዶ ይከተትባት በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። እናቴ ጋደም ስትል ቆርቆሮውን ሽቅብ እያየች፣ ከዚህ ከወጣን የምንገባበት የለንም ትለኝ ነበር። እኔ ጣሪያውን የምታደንቅ መስሎኝ፣ አዎ እማዬ ሸጋ ጣሪያ ነው እላታለሁ። ዘመዶቿ የጣሊያን ገረድ ሆነች ብለው በራቸውን እንደዘጉባት ያወቅሁት በኋላ ነው።

ኔሪ ጊታር ነበረው። እሱ ኪታራ ይላታል፤ እኔም ስሟ መስሎኝ ኪታራ እላት ነበር። ወገቧ ቀጠን ያለ፣ ዳሌዋ ሰፋ ያለ፣ ሆዷ ላይ ክብ አፍ የተከፈተባት፣ ውስጡ ቀይ ከፋይ በለበሰ ጥቁር ሳጥን ውስጥ የምትተኛ እመቤት ነበረች። እሑድ እሑድ ኔሪ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥቶ ታቅፏት ይጫወታል። እንዲህ ባለው ቀን ሰውየው ደግ ነው። ቢጫ መጠጥ ያለበት ጠርሙስ ያወጣና ለራሱ በትንሽ ብርጭቆ ይቀዳል፤ ለእኔ ደግሞ በማንኪያ ስኳር ላይ ጠብ ያደርግልኛል። ጠርሙሱን በጣቱ መታ መታ እያደረገ «ስትሬጋ» ይለኛል። እኔም «ስትሬጋ» እላለሁ፤ ይስቃል። ከማር የሚበልጥ፣ ሲውጡት ደረት የሚያሞቅ ነገር ነበር።

እንግዲህ ቃሉ ይኸው ነው። ለጊዜው ጣፋጭ ነገር ነውና እንደዚያው ያዙት።

የካቲት ሲገባ አየሩ ደረቀ። የእናቴ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ፣ የኔ ከንፈር ደማ፣ ክረምቱን አልዘጋ ብሎ ያስቸገረን በር ራሱ ተኮማትሮ በስንጥቁ ብርሃን ያሳልፍ ጀመር። ኪታራም ደረቷ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አወጣች። ድምጿ ተበላሸ፤ ኔሪ ሲነካት ትንጣጣለች። በሙጫ ለጠፋት። ቀጥሎ አየሩ እንዲርስላት ብሎ እርጥብ ጨርቅ ሳጥኑ ውስጥ አኖረ፤ ጨርቁ አንጠባጠበና እንጨቱ አበጠ። ያን ዕለት አትክልተኛውን በአለንጋ ገረፈው። አትክልተኛው ጨርቁን አልነካውም፤ ኔሪ ተቆጥቶ ሲወጣ በዚያ በኩል ያለፈ እሱ ስለነበረ ነው። እኔ አበባ አድርቆ ይሆናል ብዬ ወደ ጨዋታዬ ሄድሁ። እናቴ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ሳጥን የምትወለውለው ኔሪ ከቤት ሲወጣ ብቻ ሆነ።

መላውን ያመጣው አያ ዳኜ ነው። አያ ዳኜ አስመራ ኖሮ የመጣ፣ ለጣሊያኖቹ የሚያስተረጉም፣ ከራሱ ላይ ባርኔጣ የማይለየው ጎረቤታችን ነበር። እናቴን ባየ ቁጥር ድምፁን ያለሰልሳል። ለኔሪ እንደነገረው፣ አዲስ ሸክላ ውሃ ሲሞሉት በገላው በኩል ቀስ እያለ ያልበዋል፤ አያንጠባጥብም፣ ግን ዙሪያውን ያለውን አየር ያርሰዋል። ትንሽ ማሰሮ አሠርቶ ሳጥኑ ውስጥ ከኪታራ ጋር ቢያስተኛት በጋውን ታሳልፍለታለች። ኔሪም በልጅነቱ አገሩ የነበረው የውሃ እንስራ እንዲህ ያልበው እንደነበር ትዝ አለውና በሐሳቡ ተደሰተ።

እንዲህ ሆኖ አባይነሽ መጣች። አባይነሽ የወለቃ ሸክላ ሠሪ ናት። ያኔ ፈላሻ እንላቸው ነበር፤ እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። ሸክላዋን በጀርባዋ ተሸክማ ከኔ ትንሽ ከፍ ከምትለው ልጇ ከወለላ ጋር ትመጣና ከግቢው በር ውጭ ትቀመጣለች። ስጠጋት ቀሚሷን ሰብስባ ትሸሸኛለች። እነሱ ባዕድ ከነካቸው ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤታቸው አይገቡም ነበር፤ ሕጋቸው ነው። እኔ ግን ቆሻሻ ሆኜባት መስሎኝ፣ አባይነሽ የምትመጣ ዕለት ፊቴን ደጋግሜ እታጠባለሁ። እናቴ ደግሞ አባይነሽን ስታይ ነጠላዋን ከላዬ ላይ ጣል ታደርግብኛለች። ይበርዳታል ብላ ነው እል ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ሸክላና ብረት የሚሠራውን ሁሉ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል ይል እንደነበር፣ እናቴም ከዓይኗ ስትሸሽገኝ እንደነበር መች አውቄ።

የሠራቻት ማሰሮ ብርቱካን የምታህል፣ አፏ ጠበብ ያለ፣ ቂጧ ጠፍጠፍ ያለ፣ ቀይ ነበረች። አባይነሽ መሬት ላይ አስቀመጠችላትና እናቴ ስታነሣት፣

«ይህችን አታሟሺያት፤» አለቻት። «እንዲያልባት ብዬ ነው የሠራኋት። ከተሟሸች ትሞትብሻለች።»

እናቴ እሺ አለች። እኔ ከነጠላው ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። ማሰሮ ያልበዋል፣ ማሰሮ ይሞታል የሚለው ነገር በጣም ስለገረመኝ አልረሳሁትም።

ማሰሮዋ እንደተባለላት ሆነች። እናቴ ጠዋት ጠዋት ውሃ ትሞላትና በኪታራ አንገት በኩል፣ በሳጥኑ ጥግ ታስቀምጣታለች። ክዳኑን ስንከፍት ማሰሮዋ ዳገት የወጣ ሰው ግንባር መስላ አልቧት፣ ውሃዋ ጎድሎ እናገኛታለን። እየቆየ የኪታራ ድምፅ ተመለሰ። ኔሪ ማሰሮዋን ለጓደኞቹ አሳየ፤ እነሱም ለመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣ የሚሆን ተለቅ ያለ እንድትሠራላቸው አዘዙ። አባይነሽ ለጣሊያን ሰፈር መሸጥ ጀመረች። ወለላ አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጣችና ከበሩ ውጭ ሆና እየተሽከረከረች አሳየችኝ። በቅናት አንጀቴ አረረ።

ከዚያ ነው ከፋዩ የጠቆረው። ማሰሮዋ በምትቀመጥበት በኩል ቀዩ ከፋይ እርጥበት ይዞ ጥቁር ክብ ሠራ። እናቴ ያንን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ትጠርገዋለች፣ ፀሐይ ታሳየዋለች፣ ነገ ይመለሳል። ኔሪ ለሥራ ወደ ደባርቅ ወጥቶ ነበርና አላየውም። ሲመለስ ግን ማየቱ አይቀርም። እናቴ ደግሞ በዕቃ የምትቀልድ ሴት አልነበረችም። አዲስ ሸክላ ሳያሟሹ መጠቀም የሰነፍ ሥራ ነው ብላ ያደገች ናት። የሚያፈስ ማሰሮ ጌታ ቤት ይዛ ገባች እንዳትባል ፈራች፤ አለንጋውንም ፈራች። እኔ አባይነሽ አታሟሺያት ብላለች አልኋት። «እሷ ምን ታውቃለች የጌታን ዕቃ፤ ዝም በይ፤» አለችኝ።

ጎመን ዘሩን የፈጨሁት እኔ ነኝ። እናቴ ማሰሮዋን እሳት ላይ ጥዳ እስክትግል ጠበቀች፣ ከዚያ ውስጧንም ውጭዋንም በጎመን ዘር አሸቻት፤ ጨሰች፣ ጠቆረች፣ ወዛች። ደግማ አሸቻት። ስትጨርስ በቀሚሷ ጠርዝ ይዛ ወደ ብርሃን አነሣቻት፤ ማሰሮዋ ታብረቀርቃለች። «አሁን ዕቃ ሆነች፤» አለች፤ እኔም በሥራችን ኮራሁ።

ከዚያ ወዲያ ውሃው አይጎድልም ነበር። እናቴ ጠዋት ሳጥኑን ትከፍታለች፣ ማሰሮዋ እስከ አፏ ሙሉ ናት፣ ከፋዩ ደረቅ ነው። እሰይ ትላለች። ክዳኑን ትዘጋለች። አሁን ሳስበው ያ እሰይታዋ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል።

አንድ ቀትር ላይ እናቴ ወለሉን ስትወለውል እኔ ከኋላዋ ነበርሁ። ከሳጥኑ ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ወጣ። ጠመንጃ የተተኮሰ መስሎኝ ወለሉ ላይ ተኛሁ። እናቴ ቀስ ብላ ከፈተችው። ኪታራ ከአፏ እስከ ታች ተሰንጥቃለች፤ ክሮቿ የታሰሩበት እንጨት ተነቅሎ ክሩ ተጨማዷል። ማሰሮዋ ከጎኗ እስከ አፏ ሙሉ ሆና ቁጭ ብላለች። እናቴ ጮኻ አላለቀሰችም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ የት እገባለሁ፣ የት እገባለሁ፣ ስትል ብቻ ሰማኋት።

ኔሪ ሲመለስ ያለቀሰው እሱ ነው። ሰው ለእንጨት ሲያለቅስ የዚያን ቀን አየሁ፤ አሳዘነኝም። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና አለንጋውን ከግድግዳው አወረደ፤ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ዳኜን አስጠራ። ዳኜ በበኩሉ ወደ ወለቃ ሰው ላከ።

አባይነሽን በረንዳው ድረስ አስገቧት። እናቴ ግድግዳው ሥር አንገቷን ደፍታ ቆማለች፤ እኔ ቀሚሷን ይዣለሁ። ኔሪ ማሰሮዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠላት። አባይነሽ አነሣቻት፣ በአውራ ጣቷ ገላዋን አሸት አሸት አደረገች፣ አሸተተቻት። ከዚያ ቀና ብላ ያየችው ኔሪን አይደለም፣ እናቴን ነው።

«ይህች ተሟሽታለች፤» አለች። «ቅባቱ ገላዋን ደፍኖት እንዴት ያልባታል? አታሟሺያት ብዬሽ ነበር።»

ዳኜ እናቴን፣ አሟሽተሻታል ወይ ብሎ ጠየቃት። እናቴ ዝም አለች። ዝምታው ሲረዝም፣ እናቴ ሙያዋን መናገር ያፈረች መሰለኝ። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ ዝም ማለት ምን ይባላል ብዬ እኔው ተናገርሁላት።

«እማዬ ናት ያሟሸቻት! ጎመን ዘሩን የፈጨሁት እኔ ነኝ!»

አባይነሽ ትንፋሿን ለቀቀች። ጠጋ አለችኝና እጇን ራሴ ላይ አኖረች። ያቺ ቀሚሷን ሰብስባ የምትሸሸኝ ሴት እጇን ዘርግታ ዳበሰችኝ። «ተባረኪ የኔ ልጅ፤ እውነቱን ተናገርሽልኝ፤» አለች። ፊቴን የታጠብሁት ለዚህ በቃ ብዬ ደስ አለኝ። በዚያ ቀዝቃዛ ወንዝ ከነልብሷ ተነክራ ወደ ቤቷ እንደገባች ያን ጊዜ አላውቅም።

ዳኜ እናቴን አያት። እናቴም አየችው፤ ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፣ ግን አይቻታለሁ። ከዚያ ወደ ኔሪ ዞሮ ረዘም አድርጎ ተናገረ። እኔ ያልሁት አጭር ነበር፤ በጣሊያንኛ እንዲህ መርዘሙ ይበልጥ አኮራኝ። ከመሃል አንድ የማውቀው ቃል ወጣ። ወደ አባይነሽ በአገጩ እየጠቆመ «ስትሬጋ» አለ።

«ስትሬጋ?» አለ ኔሪ።

«ስትሬጋ፤» አለ ዳኜ።

ኔሪ አባይነሽን አፍጥጦ ሲያያት ቆየ። ቀኝ እጁን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ሌባ ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ዘረጋ፤ የበሬ ቀንድ መሰለ። ጨዋታ ነው ብዬ እኔም እንደዚያው አደረግሁ። አለንጋውን ወደ ግድግዳው መለሰው። አባይነሽ ዳኜን፣ ጌታው ምን አሉ ስትለው፣ ምሬሻለሁ ሂጂ ነው የሚሉሽ አላት። እሷም እጅ ነሥታ፣ መርቃ ወጣች። ሁሉን ያስታረቅሁት እኔ ነኝ። ኔሪ ያቺን ድሀ ጣፋጭ ብሎ አሞገሳት፣ እናቴ አልተገረፈችም፣ ክፍላችን አልተወሰደችም። ይህን ሁሉ የሠራው የኔ አፍ ነው ብዬ ተንጠራራሁ።

በሩጫ እበሩ ላይ ደረስሁባት።

«አባይነሽ፣ ጌታው ስትሬጋ ብለውሻል።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«ጣፋጭ ማለት ነው። ከማር የሚበልጥ።»

ሳቀች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ወለላ ቃሉን ደግማ ሞከረችው፤ አሳመረችው። ስመለስ እናቴ ክፍላችን ውስጥ ጭምቅ አድርጋ አቀፈችኝና አለቀሰች። ከደስታ ነው ብዬ አብሬያት አለቀስሁ።

እናቴ የወጥ ቤት ጣሊያንኛ ታውቅ ነበር። ጨው፣ ውሃ፣ ሳህን ብቻ አይደለም፤ ኔሪ ከጓደኞቹ ጋር በመጠጡ ስም ሲቀልድ ትሰማ ነበር። የጠርሙሱን ስም ትርጉም ታውቃለች። ይህን እዚህ ላይ የምነግራችሁ ቀጥሎ የሚመጣውን ስትሰሙ እናቴ የት ቆማ እንደነበር እንድታውቁ ነው።

አባይነሽ ቃሉን ያዘችው። ለጣሊያኖች የምትናገረው ቃል የሌላት ሴት፣ ጌታ አሞገሰኝ ያለችበትን ቃል አገኘች። ሸክላዋን ተሸክማ በጣሊያን ሰፈር በየበሩ እየቆመች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ስትሬጋ! ስትሬጋ!» ትል ጀመር። ከመስኮት ብቅ ያለች አንዲት ሴት አማትባ ስትዘጋባት አየሁ። ሌላዋ ሆዷን ይዛ ስቃ ባሏን ጠራች፤ አባይነሽም አብራ ሳቀች። እኔም ባየኋት ቁጥር «ስትሬጋዬ!» እያልሁ እከተላታለሁ። የአራዳ ልጆች ከኔ ተቀበሉ። እሷም ስሟ እንደተጠራ ሰው ዞር ብላ «እመት!» ትለናለች። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ እህል እያበጠረች ይህን ሁሉ ትሰማለች። አንድ ቀን እንኳ ተይ አላለችኝም።

አንድ ማክሰኞ ከእናቴ ጋር ከወፍጮ ስንመለስ፣ በሰፈሩ መግቢያ ዘብ የሚቆመው ጣሊያን ወታደር አባይነሽን አስቁሟት አገኘን። ይጮኻል፣ በእጁ ሂጂ ይላታል። ነገሩን ያደረገው ኔሪ ነው አሉ፤ ያቺ ሴት ኪታራዬን በዓይኗ ሰበረች፣ ከዚህ ሰፈር እንዳትደርስ ብሎ አስከልክሏታል። እሷ ያልታወቀች መስሏት፣ ፊቷን በፈገግታ ሞልታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ስትሬጋ» አለችው። ወታደሩ ጀርባዋ ላይ ያለውን ሸክም በጠመንጃው ሰደፍ መታው። ወደቀ። የቀረውን በጫማው ረጋገጠው፤ ማሰሮው፣ እንስራው፣ ሁሉም እንክትክት አለ። አባይነሽ እንደ ቆመች ቀረች። አንድ ጊዜ ደግማ፣ ቀስ ብላ፣ ቃሉን ያበላሸችው እንደሆነ ለማስተካከል ይመስል «ስትሬጋ» አለችው። ምራቁን ተፋባት።

«እማዬ፣ አልገባውም እኮ፣ ልሂድ ልንገረው፤» አልሁ።

እናቴ አፌን በመዳፏ ግጥም አድርጋ ይዛ ጎተተችኝ። ዞሬ ሳይ ወለላ በዚያ አዲስ ቀሚሷ ስብርባሪውን እየለቀመች ነበር። ዱቄቱ ሳይቦካ ያድር ይሆናል ብላ ነው እናቴ የምትቸኩለው አልሁ በልቤ።

ከዚያ በኋላ አባይነሽ ወደ ጣሊያን ሰፈር አልመጣችም። ሸክላዋን ተሸክማ ማክሰኝት ገበያ ድረስ ትሄዳለች ሲባል ሰማሁ። ማክሰኝት የት እንደሆነ ስለማላውቅ፣ ሸጋ ገበያ አግኝታ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እኛ ቤት ደግሞ አያ ዳኜ ባርኔጣውን ክፍላችን ሚስማር ላይ ይሰቅል ጀመር። እናቴ ከሱ ጋር ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ለዚያች ረጅም ትርጉም ምን እንደሰጠችው የገባኝ እኔም ሴት ከሆንሁ በኋላ ነው።

ጣሊያን ተሸነፈ፣ ኔሪም ዳኜም የገቡበት ሳይታወቅ ጠፉ። እኔ አደግሁ፣ የሻው የሚባል የማኪና ሠራተኛ አገባሁ። አንድ በዓል የሻው፣ አገሩ ሳይመለስ እዚሁ የቀረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ወደከፈተው ቡና ቤት አራዳ ወሰደኝ። መደርደሪያው ላይ ያ ቢጫ ጠርሙስ ቆሟል። ልቤ በደስታ ዘለለ። «ስትሬጋ!» አልሁት ሽማግሌውን፤ የልጅነቴን ጣፋጭ ለባሌ ላስቀምሰው ነው። ሽማግሌው አማርኛውን ጥሩ አድርጎ ይናገራል። ቃሉን ከየት አወቅሽው ብሎ ሳቀ። ትርጉሙንስ ታውቂዋለሽ አለኝ። ጣፋጭ አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። «መጠጡን በቃሉ ጠሩት እንጂ ትርጉሙ ሌላ ነው። ዓይኗ ሰው የሚበላ፣ የምትደግም ሴት። እናንተ ቡዳ ትሉ የለም? እሱ ነው፤ ከዓይኗ ለመዳን እኛ ጣታችንን እንደ ቀንድ እንዘረጋለን።»

የሻው ምን ሆንሽ ምን ሆንሽ ይለኛል። ሳልቀምሰው ተነሥቼ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የሚታየኝ፣ ያቺ ሴት በየበሩ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ቡዳ ነኝ፣ ቡዳ ነኝ ስትል ነው። ያስተማርኋት እኔ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

እናቴን ታውቂ ነበር ወይ አልኋት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇ ቆመ። ምን ስትለኝ ቃሉን ነገርኋት። ምስሩን ወደ ሰፌዱ ጥግ ሰበሰበች።

«አንቺ ስትያት ደስ ይላት ነበር፤» አለች በመጨረሻ። «ጣፋጭ ነው ብለሽ ነው የምትያት። ምን ብዬ ላስቁምሽ? ባስቆምሽ ለምን ትይኛለሽ።»

ተቆጥቼ ጮኽሁባት፣ ሁለተኛ እቤትሽ አልመጣም አልኋት። እሷ ምስሯን ለቀመች። የሚገርመኝ፣ ያን ጊዜ እኔ ከእሷ የተሻልሁ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ስኳር ገዝቼ ወደ ወለቃ ወረድሁ። መንገድ ለመንገድ የምላትን እያጠናሁ ነው የሄድሁት። እናቴ እውነቱን ደበቀች፣ ዳኜ ዋሸ፣ እኔ ያስተማርሁሽ ቃል ስድብ ነው፤ ማሪኝ። ይህን ብቻ ነው። አባይነሽ ከቤቷ ደጃፍ ጭቃ ስታሽ አገኘኋት። ጀርባዋ ጎብጧል፤ ያን ሁሉ ዘመን የቀን መንገድ ማክሰኝት ድረስ የተሸከመችው ነው ያጎበጣት። ማን እንደሆንሁ ስነግራት ፊቷ በራ። አልነካችኝም፤ ግን ጎረቤቶቿን ጠራች። ከሩቅ ከበው ቆሙ። ይህች ናት ያኔ በጣሊያን ፊት ስለኔ እውነቱን የመሰከረች ልጅ አለቻቸው። ሴቶቹ መረቁኝ። ወለላ ትልቅ ሴት ሆና ከውስጥ ወጣች፤ ሳቀችልኝ። ከበው ሲመርቁኝ ያጠናሁትን ሳልናገር ስኳሩን መሬት ላይ አስቀመጥሁላቸው።

ዛሬ ከእነዚያ ሰዎች ወለቃ የቀረ የለም ማለት ይቻላል። ወደ እስራኤል ሲሄዱ እነወለላም ሄደዋል። እዚያ ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው፣ ከየአገሩ የመጣ ቋንቋ አለ ይሉኛል። አንድ ቀን አንዱ ቃሉን ሰምቶ ይስቅ ይሆናል፤ ወይም ስቆ ጨርሶ ይሆናል። ይህ ሐሳብ በመጣብኝ ቁጥር ብቻዬንም ብሆን ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

ያን ዕለት አባይነሽ በጭቃ እጇ ወደ ቤት ጠቆመችና፣ ነይ ውጪ እንግዳሽን እዪ ብላ ተጣራች። የወለላ ልጅ ወጣች። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ፊቷን ገና ታጥባ ውሃው ይንጠባጠባል። ስምሽ ማን ነው አልኋት።

«ስትሬጋ፤» አለች። «ጣፋጭ ማለት ነው።»

አባይነሽ እኔን ታያለች። ወለላም፣ የቆሙት ሴቶችም እኔን ያያሉ። ለመናገር አፌን ከፈትሁ።

«ሸጋ ስም ነው፤» አልኋት።